ከምርመራ ዓምድ የወጡ ስሞች፦ ስለ ሟች ከብት ጠባቂዎች የተከፈተው ክርና 34ቱ መልሶች

ይህን የውይይት ክር በመድረካችን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 34 ደርሰዋል፤ አዲስ የሚገባው ሰው የመጨረሻዎቹን ብቻ እያነበበ ሰላምታ ሳያቀርብ ወደ ጠብ ስለሚገባ፣ ከመነሻው ጀምሮ የተባለውን በራሴ ቃል በተራ ለማስፈር ወሰንኩ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። የሟቾቹንም ስም እዚህ አታገኙም፤ ምክንያቱን 9ኛው መልስ ላይ ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

መነሻው እንዲህ ነበር። አባቴ በቦረና ያቤሎ አካባቢ ከነበሩት የመንግሥት የከብት ማርቢያ ራንቾች በአንዱ ከብት ጠባቂ ነበር። አምና አርፎ አርባው ከወጣ በኋላ፣ አብረውት የሠሩ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በፌስታል የተጠቀለለ ረጅም የሂሳብ ደብተር ይዘው ቤታችን መጡ። ዳር ዳሩን ምስጥ የበላው የጥጃ ውልደት መዝገብ ነው፤ ሦስት ዓመት ተኩል ይሸፍናል። መጋዘን ሲጸዳ ሊቃጠል ከተከመረው ወረቀት መካከል እሳቸው ባያነሱት ኖሮ ዛሬ አመድ ነበር። ዓምዶቹ የእናት ቁጥር፣ የጥጃ ቁጥር፣ ጾታ፣ የተወለደበት ቀን፣ የውልደት ክብደት፣ ጡት ስትጥል ክብደት እያሉ ይሄዱና መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ከሁሉም የጠበበ ዓምድ አለ። የጥጃው ክብደት እስከ ግማሽ ኪሎ ድረስ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ የሰው ስም ግን የሚገኘው በምርመራው ዓምድ ብቻ ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። አንዷ 23 ኪሎ ተኩል የምትመዝን ጥጃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተወልዳ ጅብ አጥሩን ጥሶ ገብቶ እንደነበርና ያስጣላት ጠባቂ ማን እንደሆነ በሁለት መስመር ተጨናንቆ ሰፍሯል። ያ ሰው አሁን በሕይወት የለም፤ በእጄ ባለው ወረቀት ሁሉ ስሙ የተጻፈው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩ፦ በራንቹና በአካባቢው ኦላዎች፣ ማለትም መንደሮች፣ ኖረው የሞቱትን ከብት ጠባቂዎች እንዴት እናስታውሳቸው? ሐሳቤ ሙሉ ስም፣ የልደትና የሞት ዓመት፣ የነበራቸው ከብት ብዛት የሚሰፍርበት አንድ ሰንጠረዥ አዘጋጅተን ሁሉም የሚያውቀውን እንዲሞላ ነበር። ቦረናዎች ሙታናቸውን በጽሑፍ ስለማይዙ ቶሎ ካልጻፍናቸው ይረሳሉ የሚል ዓረፍተ ነገርም ጨመርኩበት። ብዙ መዘዝ ያመጣው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሳልሰርዘው የተውኩት መልሶቹ ያለ እሱ ስለማይገቡ ነው።

1ኛው መልስ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ደብተሩ በእጅ ብዛት ሳያልቅ ገጽ በገጽ በስልክ እንዳነሳው መከረኝ፤ አድርጌዋለሁ። 2ኛው መልስ የጡረተኛ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። በሰንጠረዡ ተስማምተው፣ ከጥጃ መዝገብ ይልቅ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ቢገኝ የሁሉም ስም በአንድ ቦታ እንደሚገኝ ጠቆሙ። ዝርዝሩ ከመዝገብ ቤቱ ክምር ጋር ስለመቃጠሉ ግን ደብተሩን ያመጡት ሰውዬ ቀድመው ነግረውኛል።

3ኛውን መልስ የጻፉት ለረጅም ዘመን ሜጋ ያስተማሩ የቦረና ተወላጅ ናቸው። በትሕትና ይጀምሩና በመካከሉ ጠንከር ይላሉ። አልጻፉምና ይረሳሉ ያልኩትን ነጥለው፣ ቦረና ዘመንን ራሱን በሰው ስም እንደሚቆጥር አስረዱኝ። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ 8ቱ ዓመት በአባ ገዳው ስም ይጠራል፤ ድርቁም፣ ወረርሽኙም፣ የአንድ ሰው መወለድና መሞትም በእገሌ ገዳ ተብሎ ይያዛል። ልጅ ከአባቱ ገዳ 5 ገዳ፣ ማለትም 40 ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ስሞቹ እየተቀባበሉ ይመለሳሉ። ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1968 አባ ገዳ የነበሩትን ጃልዴሳ ሊበንን ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ ከ2000 እስከ 2008 ድረስ አባ ገዳ የሆኑት ልጃቸው ሊበን ጃልዴሳ ናቸው። የአያትየው ስም በልጅ ልጁ ላይ ተመልሶ የ8 ዓመት መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ያለ ደብተር ወደ ኋላ ብዙ ትውልድ እየቆጠሩ ይወስዱታል። መምህሩ በጨዋ አነጋገር ያሉት፣ ደብተሩን ሊያቃጥል የነበረው የእኛ ወገን ሆኖ ሳለ የመርሳትን ነቀፋ በእነሱ ላይ መጣሌ እንዳስገረማቸው ነው። የምመልሰው አልነበረኝም።

4ኛው መልስ አጭርና ደረቅ ነው፤ ግን ትልቅ ስሕተት አረመልኝ። አንዲት እናት ባላቸው በሊበን ጃልዴሳ ጊዜ እንደሞቱ ነግረውኝ እኔ ከ2000 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ውስጥ አስገብቻቸው፣ ልባምነት መስሎኝ መካከሉን ወስጄ 2004 ብዬ ጽፌ ነበር። መላሹ እንዳሳየው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2008 ማለት በእኛ ከ1992 እስከ 2000 ዓ.ም. ነው፤ ያው 2000 የሚለው ቁጥር በአንዱ ካሌንደር መጀመሪያ ላይ በሌላው መጨረሻ ላይ ይቆማል። ሰውዬውን ከሞቱ በኋላ ዓመታት በሕይወት አኑሬያቸው ነበር። እንዲህ ያለ መላሽ ምስጋና አይጠብቅም፤ 5ኛው መልስ ግን እሱን ለማመስገን ብቻ የተጻፈ ነው።

ክሩን የለወጠው 6ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው በወጣትነቱ ዱብሉቅ ከሚገኙት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች በአንዱ ውኃ ቀድቷል። እነዚህ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ኦኮሌውን፣ ያን የቆዳ ባልዲ፣ እየዘፈኑ ይቀባበሉታል። ከላይ ውኃው የሚገለበጥበት ገንዳ ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ከብቱ ሳይመጣ በእጅ እየተለሰነ ይጠገናል። በበጋ ከብት የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው፤ የማን መንጋ ቀድሞ እንደሚገባ የሚወስን የዕለቱ ኃላፊ አባ ሄሬጋ ይባላል። ከእሱ በላይ ደግሞ አባ ኮንፊ አለ፤ ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ወራሽ ነው። የቆፋሪው መቃብር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን በበጋ አንድ እንግዳ ከብቱን ነድቶ መጥቶ ውኃ ሲለምን፣ የምትለምነው የማንን ውኃ ነው የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የቆፋሪው ዘር እስከ ራሱ ድረስ ይጠራል። መላሹ የሐውልትና የሰንጠረዥ ነገር የማይገባው ለዚህ ነው፤ ስሙን የሚያስጠራው ጥማት ነው።

በዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር ጉድጓድ ዳር ቆሜያለሁ። ዘፈኑን አላስታውስም። የማስታውሰው ገንዳውን ሲለስን ክንዱ እስከ ክርኑ በጭቃ ተለውሶ፣ ግንባሩን የሚያሳክከው ጊዜ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በጣትህ እከክልኝ ማለቱን ነው። መዝገቡ ላይ የሌለ ሥራ ነው፤ ራንቹ የራሱ የውኃ ታንከር ነበረውና አባቴ እዚያ የሄደው በዕረፍት ቀኑ፣ ለዘመዶቻችን ከብት ነበር።

7ኛው መልስ ከወደ ቻግኒ መጣ። የጸሐፊው አጎት የፎገራ ዝርያ ይረባበት በነበረው የመተከል ራንች እረኛ ነበሩ። ሲቀበሩ ጅራፋቸው አስከሬኑን ተከትሎ ወጣ፤ እህታቸው በሙሾው ላሞቹን አንድ በአንድ በመልካቸው እየጠራች ማን ያግዳችሁ ስትላቸው፣ ሳያለቅስ ሊውል የመጣው የወረዳ ባለሙያ ሁሉ አለቀሰ ይላል። ደስ የሚል መልስ ነበር፤ ግን 8ኛው መልስ ወዲያው ወደ ተዝካር ወሰደው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ ኖሮ ሲሞት ከብቱ የሚታረድበትን ልማድ መተቸት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ተዝካሩ የዚህ ክር ጉዳይ ስላልሆነ አልፌዋለሁ።

9ኛው መልስ የመጀመሪያው ቁጣ ነው፤ ፍትሐዊ ቁጣ ነበር። የጻፈችው ያቤሎ የምትኖር ሴት ናት። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው፣ የሟች ስም በአደባባይ ሲወጣ ከቤተሰቡ ማን ፈቀደ የሚል ነው። ሁለተኛው የከብት ብዛት የሚለው ዓምድ ነው። አርብቶ አደርን ስንት ከብት አለህ ማለት በሌላው አገር ባንክ ደብተርህን አሳየኝ እንደማለት ነው፤ ከብትን እየቆጠሩ መናገር ደግሞ ነውር ብቻ ሳይሆን የሚፈራም ነገር ነው። በሕይወት እያለ የማይጠየቀውን ሰው ከሞተ በኋላ ልጆቹን መጠየቅ ምን ይባላል ብላ ዘጋችው። 10ኛው መላሽ ለግብርና ለዕርዳታ ሲሆን ይቆጠር የለም ወይ ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ በእሱ ላይ የወረደውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ዓምዱን በዚያው ቀን አወጣሁት፤ ስሞቹንም ቤተሰብ እስኪፈቅድ ድረስ ከክሩ አነሳሁ። እሷን በግል ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ በኋላ የሁለት ቤተሰቦችን ፈቃድ ያመጣችልን እሷው ናት።

11ኛው መልስ በራንቹ ክብደት ይመዝን የነበረ ሰው ትዝታ ነው። የራንች ላም ስም የላትም፤ ጆሮዋ ላይ ቁጥር አለ፣ በቃ። አንድ ጠባቂ ግን ለመንጋው ሁሉ በየመልኩ ስም አውጥቶ ነበር፤ አንዷ ቡሬ፣ አንዷ ዳለቻ፣ አንዷ ቦራ። የሥራ ኃላፊው ይህን ሲሰማ መዝገቡን ያምታታብናል ብሎ ተቆጣው። ከዕለታት አንድ ቀን በመመዘኛው ክራሽ፣ ከብት አንድ በአንድ በሚገባበት ጠባብ መተላለፊያ፣ በር ላይ ግራጫዋ ላም አልገባም ብላ ግማሽ ሰዓት ስታስቸግር፣ አራት ሰው ገፍቶ ሲያቅተው፣ ኃላፊው ራሱ ያን ጠባቂ አስጠራው፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ዳለቻ ሲላት ጆሮዋን አቅንታ ገባች። መላሹ ጠባቂው ከራንቹ በድንገት ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መሞቱን እንደሰማ ጽፎ ነፍስ ይማር አለ። ከስሩ ብዙ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል፤ እኔም ብያለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ 27ኛው መልስ ላይ እንመለስበታለን።

ከ12ኛው እስከ 15ኛው መልስ ክሩ ድንበር ተሻገረ። 12ኛውን የጻፈው ማርሳቢት የሚኖር ቦረና ነው፤ አማርኛውን ሞያሌ ተምሮት የተስተካከለ ነው። የሱ ቅሬታ፣ የቦረና ከብት ዛሬ በዓለም የታወቀ ዝርያ ሆኖ ሳለ የታወቀው በአርቢዎቹ ስም አለመሆኑ ነው። የኬንያ አርቢዎች ከብቱን ከእኛው ወገን እየገዙ አሻሽለው እ.ኤ.አ. በ1951 የዝርያው አርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ መዝገቡ ውስጥ የኮርማው ስምና የእርሻው ባለቤት ስም አለ፤ ያ ኮርማ እስኪገኝ ድረስ ትውልድ በትውልድ ወተቷ የበዛውን፣ ድርቅ የቻለችውን እየመረጡ ያቆዩት ሰዎች ግን የሉም። 13ኛው መላሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፅንሱ በዛምቢያ በኩል እስከ አውስትራሊያ እንደሄደ፣ ከዚያም በኔብራስካው ክሌይ ሴንተር የምርምር ጣቢያ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር እንደተነጻጸረ ጨመረ። 14ኛው ሩቅ ሳትሄዱ የአበርኖሳን ራንች አስታውሱ አለ፤ ለስንቱ ገበሬ የተሰጡት የክልስ ጊደሮች እናቶች እነዚሁ የቦረና ላሞች እንደነበሩ ስንቱ የወተት ነጋዴ ያውቃል ሲል ጠየቀ። በመካከል ኬንያ ሰረቀችን፣ አልሰረቀችም የሚል ንትርክ ተነሥቶ ነበር። ሽያጭ ስርቆት አይደለም፤ ግን የማርሳቢቱ ሰው ያነሳው ስለ ስርቆት አልነበረም።

15ኛው መላሽ ኮሎራዶ ግሪሊ ውስጥ በሥጋ ማዘጋጃ ፋብሪካ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። በትርፍ ሰዓቱ የአካባቢው አርቢዎች መቃብር አጠገብ ያልፋል፤ በድንጋዩ ላይ ከስሙ ጎን ቤተሰቡ በከብቱ ላይ የሚተኩሰው ምልክት ተቀርጾ እንዳየ ጻፈ። ልጁ ያንኑ ምልክት እስከ ዛሬ ከብቱ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ የሟቹ ፊርማ በሕይወት ያለ ጊደር ላይ እየተራመደ ነው ማለት ነው። በቦረናም ጆሮ መሰንጠቅና በጋለ ብረት መተኮስ አለ፤ ስለዚህ በሰንጠረዡ ከስሙ አጠገብ የከብቱ ምልክት ቢሳል ከቁጥር ይሻላል የሚል ሐሳብ አመጣ። 9ኛዋ መላሽ እንኳ ይህን አልተቃወመችም፤ የምልክቱን ሥዕል ለሌባ መስጠት እንዳይሆን ብቻ አስጠነቀቀች።

16ኛው መልስ ከርእሱ ወጣ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የግጦሽ መሬት ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሳሩን እንዴት እንደዋጠው ረጅም ትንተና ነው። ትንተናው ትክክል ነው፤ አባቴም ሲያማርር የኖረበት ነገር ነው፤ ግን ሌላ ክር ይክፈትበት ብዬ 17ኛውን መልስ እኔ ጻፍኩ።

18ኛዋ መላሽ ሦስት መስመር ብቻ ጻፈች። ከመዝገቡ አንስቼ የለጠፍኩትን ፎቶ አጉልታ አይታ፣ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሦስት ቦታ እናቷ ሞታለች፣ በእጅ ታድጋለች የሚል እንዳለ ካሳየችኝ በኋላ፣ በማን እጅ ብላ ጠየቀች።

ገጹን ከአንድ ወር በላይ ሳገላብጠው ኖሬ አላየሁትም። እናት የሌላት ጥጃ ራንች ውስጥ የምታድገው በጠባቂዎቹ ሚስቶች ነበር። ጥጃዋ ጎጆ ውስጥ ታድራለች፤ ሴትዮዋ ጣቷን ወተት ውስጥ ነክራ ታጠባታለች፣ ቀስ በቀስ አፏን ወደ ዕቃው ታስለምዳታለች። ወተቱ ከሌላ ላም የሚመጣው በጎርፋ፣ በወተት ዕቃው፣ ነው፤ ጎርፋውን ሴቶቹ ከሥር ጭረት ጠርዘው ይሰፉታል፣ በእንጨት ፍምም ያጥኑታል። ለዚህ ደመወዝ አልነበረውም። ደብተሩን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው፤ ቁጥሩ ምንም አላላቸውም፤ ወሩን ስነግራቸው ግን ከሦስቱ ሁለቱ በእሳቸው እጅ ያደጉ መሆናቸውን አወቁ፤ ሦስተኛዋን ያሳደገችው ጎረቤታችን የነበረችና ከብዙ ዓመት በፊት በወሊድ የሞተች ሴት ናት። እናቴ ስሟን ሲጠሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንጠረዡ የጠባቂዎች ብቻ መሆኑ ቀረ።

19ኛው መልስ ደግሞ በሌላ ራንች ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በምርመራው ዓምድ ውስጥ ጠባቂ ተቀይሯል የሚል አጭር ጽሑፍ ስታይ ዝም ብለህ አትለፈው አሉኝ። መንጋው ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው በማንኛውም ምክንያት ከጠፋ ጸሐፊው በዚያ ሰሞን የተወለደችው ጥጃ አጠገብ እንዲሁ ይጽፋል። ሞተ ብሎ የሚጽፍበት ዓምድ አልተሰጠውም፤ ስለ ሰው እንዲጽፍም አልታዘዘም። እሳቸው ራሳቸው የቅርብ ወዳጃቸውን ሞት በእነዚያ ሁለት ቃላት መዝግበው እንደሚያውቁ ሲናገሩ ከዚያ በላይ አልሄዱም። እኔ እነዚያን ሁለት ቃላት የሠራተኛ ዝውውር አድርጌ አልፌያቸው ነበር። ያን ሌሊት ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፤ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ 7 ጊዜ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። 20ኛውና 21ኛው መላሾች ጠባቂ የሚቀየረው በጡረታም፣ በመባረርም፣ ተሽሎት ነጋዴ በመሆንም ስለሆነ 7 ሟች አገኘሁ ብዬ እንዳልጮህ አስጠነቀቁ፤ ትክክል ነበሩ። 22ኛው ግን ጸሐፊውን ሞት በመደበቅ ከሰሰ፤ 19ኛው መላሽ ተመልሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ደብተሩ የጥጃ መሆኑን ብቻ አስታውሰው ወጡ። 23ኛው መላሽ በሁላችንም ላይ ተነሣ። በአሮጌ ወረቀት ላይ ስታለቅሱ በሕይወት ያለው አርብቶ አደር ከብት አልቆበት መጠለያ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ እሱን ማን ያስታውሰው አለ፣ ከዚህ የከፋ ቃልም ጨምሮ።

24ኛውን የጻፈው ከዚያው መጠለያ የወጣ ወጣት ስለሆነ 23ኛው ሳያስበው መልስ አገኘ። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አጭሩ ዝናብ ሀጋያ ቀረ፣ ቀጥሎ ዋናው ዝናብ ጋና ቀረ፣ እንዲህ እያለ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር የነሱ ቤት ከብት አለቀና ዱብሉቅ አካባቢ ወደነበረው የተፈናቃዮች መጠለያ ገቡ። አያቱ እዚያው አረፉ። በሽታ አልነበረባቸውም ይላል። ጠዋት ጠዋት ከድንኳኑ ወጥተው በረት በሌለበት መሬት ላይ የበረት በር በሚሆንበት አቅጣጫ ይቆሙ ነበር። እሱ የሚለው፣ የነዚያ የቀድሞ ጠባቂዎች ስም መፈለጉ እንደማያስከፋው፣ እንዲያውም አያቱ ከጠባቂዎቹ ከአንዱ ጋር ፎራ፣ ከመንደር ርቆ ወዳለ የከብት ሰፈር፣ ወርደው የማይታለበውን ከብት ይጠብቁ እንደነበርና ታሪኩን መስማት እንደሚፈልግ ነው። 23ኛው መላሽ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ከወጣቱ ጽሑፍ ሥር በቡሳ ጎኖፋ፣ ጎሣው ከብት ላለቀበት ሰው ጊደር በሚያዋጣበት ሥርዓት፣ ከብት ደርሶት እንደሆነ ጠይቆ፣ በግል እንዲጽፍለት አድራሻ ሰጥቶታል።

25ኛውና 26ኛው ስለ ክትባት ሠራተኞች ናቸው። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን አገሩን ያራቆተው የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ክትባት ተሸክመው በእግራቸው መንጋ ለመንጋ የዞሩት ሰዎች ስም የትም አልተነሳም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሞተዋል። እነሱን በዚህ ሰንጠረዥ ማካተት እንዳለብን ተስማምተናል፤ መረጃ ያለው ይላክልን።

27ኛው መልስ ከፊንጫዋ ነው። ጸሐፊዋ ያለ ሰላምታ ጀመረች። በ11ኛው መልስ የቀበራችሁት፣ ከሥሩም ነፍስ ይማር የተደረደረለት ሰው አባቴ ነው፤ አሁን ከደጅ ተቀምጦ ፍየል እየጠበቀ ነው፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሙት ማለት በኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገራችሁ አለች። ማንም የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። 28ኛው መልስ የ11ኛው መላሽ ይቅርታ ነው፤ 29ኛው የእኔ፤ 30ኛው ደግሞ እንኳን በሕይወት ኖሩ የሚል የአንድ አዛውንት ምርቃት ነው። እሷም በ31ኛው ለስለስ ብላ ተመለሰች። የተጻፈውን ሁሉ ለአባቷ አንብባላቸው ኖሯል፤ ሞታቸውን ሲሰሙ ስቀው፣ የክራሹን ታሪክ ሲሰሙ ግን አራት ሳይሆን ስድስት ሰው ነበር የገፋት ብለው አረሙ።

32ኛውና 33ኛው መልሶች የእሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ነች የጻፈችላቸው። ጠባቂ ተቀይሯል የተባለባቸውን 7 ወሮች አንድ በአንድ ዘርዝሬ ልኬላቸው ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ትተው በቦሩ መዳ ገዳ ስንተኛው ጋና እንደሆነ ከልጃቸው ጋር ካመሳከሩ በኋላ አምስቱን አወቁ። ሁለቱ ሞተዋል፤ አንደኛው በወባ፣ ሌላኛው በእባብ። ሦስተኛው ጡረታ ወጥቶ ከዚያ በኋላ ነው የሞተው። አራተኛው አባቴ ነው፤ የዚያን ጊዜ ታሞ አራት ወር ተኝቶ ነበር፣ ከዳነ በኋላ ሌላ መንጋ ተሰጠው፤ ይህን እናቴም አረጋግጠዋል። አምስተኛው እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ በስም ጉዳይ ከኃላፊው ጋር ተጣልተው በአንድ ቀን ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። የቀሩትን ሁለቱን አያውቋቸውም፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። የምታውቁ ካላችሁ አንደኛው የተቀየረው በመስከረም፣ ሌላኛው በግንቦት ነው።

በ34ኛው መልስ እሳቸው ጠየቁኝ። ከራንቹ በወጡበት ሳምንት ዳለቻ ልትወልድ ቀርባ ነበር፤ ወለደች ወይ አሉ። የላሟን ቁጥር ልጃቸው ነገረችኝ፤ እሳቸው በቃል ያዙት እንጂ የትም አልጻፉትም። ገጹን ገለጥኩ። ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ 24 ኪሎ፣ ከወጡ በሦስተኛው ቀን። በምርመራው ዓምድ ከጥጃዋ ቁጥር ትይዩ ጠባቂ ተቀይሯል የሚለው የሰፈረው እዚሁ መስመር ላይ ነው። የገጹን ፎቶ ለልጃቸው ልኬላታለሁ።